የሲተልበናት ብሎን

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ጉልበቱን የሚያመው አልጋው ላይ ይቀመጥ፤ ደህና የሆናችሁት ምንጣፉ ይበቃችኋል። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ወንድሜ ሚስት፣ ስለ ሲተልበናት ዳሌ ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም። እሷም ራሷ ስታወራው ትስቃለች።

እኔና ሲተልበናት ባሎቻችንን ቀብረን ጎን ለጎን ያረጀን ሴቶች ነን። በቤቷና በቤቴ መሃል ግንብ አለ፤ ግንቡ ላይ ጎንበስ ብለን የምናልፍባት ትንሽ በር አለች። ጩኸቷን የሰማሁት በዚያች በር በኩል ነው።

የወደቀችው የውሃ ጋኖቹ ሥር ነው። ጋን መቼም ያንጠባጥባል፣ ከሥሩ ያለው መሬትም እንደረጠበ ነው። አንድ ጣሳ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ አዳለጣት። ስደርስ በጎኗ ተጋድማለች፤ ቀኝ እግሯ አጥሯል፣ ጣቶቿ ወደ ውጭ ዞረዋል።

«ቱማ፣ ጣሳው የት ገባ?» አለችኝ።

«ጣሳው ገደል ይግባ! አንቺ እንዴት ነሽ?»

«እኔማ እዚሁ አለሁ፤ የት እሄዳለሁ።»

ልጇ ባቢክር ሮጦ ወጌሻውን ጠራ። ወጌሻችን ያልዳሰሰው ክንድ፣ ያልመለሰው ቁርጭምጭሚት የለም። ያን ቀን ግን እጁን እንኳ አላሳረፈባትም። ከላይ ቆሞ አየና «ይሄ የኔ አይደለም፣ ዳሌ ነው። መኪና ፈልጉ» አለ። ስላልነካት እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ከተማ ወስደናት ቀዶ ጥገና ተደረገላት። በዚያ ሰሞን መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል። ሐኪሙ በጭኗ አጥንት ላይ ብረት ለጠፈ፤ ከብረቱ ደግሞ አንድ ወፍራም ብሎን ወደ ዳሌዋ አስገባ። ስትወጣ «እግርሽን ለስም ያህል መሬት አስነኪ እንጂ አትቁሚበት» ብለው አራት እግር ያለው መደገፊያ ሰጥተው ሰደዷት።

ቤት ስትገባ ሰው ጎረፈ። እኛ ዘንድ በሽተኛ ብቻውን አይተኛም። ስኳር የያዘ፣ ብርቱካን የያዘ፣ ብስኩት የያዘ፣ ምንም ያልያዘና ብዙ የሚያወራ፣ ሁሉም «አላህ ያሽርሽ» እያለ ይገባል። ሲተልበናት ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ለሰው በመነሳት የታወቀች ናት። ሕፃን ልጅ ወንፊት ሊዋስ ቢመጣ እንኳ ተነስታ ነው የምትቀበለው። ሰውን ተኝታ ተቀበለች መባል ለእሷ ከስድብ ይብሳል።

አርብ ከሶላት በኋላ ሙዓዝ መጣ። የመምህራችን ልጅ ነው፤ በባዶ ሆዱ ኳስ ሲያሳድድ እናውቀዋለን። አሁን ከተማ የአጥንት ሐኪም ሆኗል፤ አርብ አርብ እናቱን ሊጠይቅ ይመጣል። ሲተልበናትን የቀደዳት እሱ አይደለም፤ ያኔ ካርቱም ነበር። ራጁን ከፖስታው አወጣና ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው። አየው፣ አዞረው፣ እንደገና አየው።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችው ሲተልበናት። «ሊያጩልህ ያመጡልህ ልጅ ፎቶ አስመሰልከው እኮ።»

«እያሰብኩ ነው ሐጃ።»

«ለሚስት ይህን ያህል ብታስብ ኖሮ እስካሁን ልጅ ታቅፍ ነበር።»

ሳቀ፤ ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ። ከሰሃኑ ላይ አንድ ብርቱካን አነሳ፣ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ።

«የጭንዎ አጥንት ጫፍ እንደዚህ ብርቱካን ክብ ነው። ይሄ እስክሪብቶ ደግሞ ብሎኑ ነው እንበል። እንዲህ መሃል ለመሃል፣ ጠልቆ ቢገባ ይይዛል።» ሰካው፤ ነቀነቀው፤ እውነትም ያዘ። ነቀለና እንደገና ሰካው። «የእርስዎ እንዲህ ነው የገባው። ወደ ላይ ከፍ ብሎ፣ ጫፉም ሳይጠልቅ። አሁን ሰው ቆመበት እንበል።» ብርቱካኑን ወደ ታች ተጫነው። እስክሪብቶው ሥጋውን እየሰነጠቀ ሄደና ልጣጩን በስቶ ብቅ አለ። ጭማቂው በእጁ ላይ ወረደ።

እስክሪብቶውን ነቅሎ በመሐረብ ጠረገው።

«ብርቱካኔን ፈጀህብኝ» አለች ሲተልበናት።

እኔ ግን «እንዲህ አድርጎ ያበላሸው ማን ነው?» አልኩት።

«ማንም አላበላሸውም ሐጃ ቱማ። መብራት እየጠፋበት፣ ባለው ብሎን የሠራ ሰው ነው። እኔም ብሆን ከዚህ የተሻለ ላልሠራ እችላለሁ። አጥንቱም ብዙ ቦታ ነው የተሰባበረው፤ በዕድሜ ሳስቷል።»

«እና ይወጣል?» አለችው ሲተልበናት።

«እንዲህ የገባ ብሎን፣ እንዲህ ባለ አጥንት ላይ፣ ከአስር ሰው ምናልባት የሦስቱ ይወጣል። የሰባቱ ይይዛል።»

«እኔ ከየትኞቹ ነኝ?»

«እሱን ራጁ አይነግረኝም።»

ከዚያ ሁለት መንገድ እንዳለ ነገራት። አንደኛው፣ ሳይወጣ በፊት አሁኑኑ ከፍቶ፣ ክቡን አጥንት አንስቶ የብረት ክብ መተካት ነው። ሁለተኛው አጥንቱ እስኪገጥም ሳይቆሙበት መጠበቅና ራጅ እያነሱ መከታተል ነው። ልቧ ደካማ ነው፤ ቁስሏም ገና አልደረቀም። «እናቴ ብትሆንም የቱን እንደምመርጥላት አላውቅም» አለ፣ እውነቱን ነው። ሲተልበናት መጠበቁን መረጠች።

«እንግዲያው አንድ ነገር ይስሙኝ» አለ። «ብሽሽትዎ ላይ ያለው ሕመም ጠፍቶ ቆይቶ ከተመለሰ በዚያው ቀን ጥሩኝ። በጊዜ ካወቅን መተካት እችላለሁ። ከዘገየን ግን ብሎኑ ክቡን በስቶ ይወጣና ክቡ የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ ይበላዋል። ያኔ የምተክልበት ቦታ አጣለሁ፤ እርስዎም መራመድ ቀርቶ መቀመጥ ይቸግርዎታል።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ የጎረቤት ሴት በር ላይ «ሰላም ለዚህ ቤት!» አለች። ሲተልበናት የሙዓዝን ክንድ ጨብጣ ብድግ! በሁለት እግሯ።

«ሐጃ! ምን እያደረጉ ነው?»

«እንግዳ መጣ እኮ።»

«አይቁሙ አልተባሉም?»

«ቆሜ አልሄድኩም። አንድ እርምጃ አልተራመድኩም። ሰው ስቀበልም ልጋደም?»

ሙዓዝ አስቀመጣትና ራሱን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። «ስለ ስኳር በሽታ ጠየቅኩ፣ ስለ ልብ ጠየቅኩ፣ ስለ ትንባሆ ጠየቅኩ» አለ። «በቀን ስንት እንግዳ እንደሚገባ አልጠየቅኩም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሬን ይዤ ደጃፏ ላይ ተቀመጥኩ። የመጣውን ሁሉ «አትነሳም፤ ተኝታ ነው የምትቀበላችሁ፤ ያልተመቸው ከዚሁ ይመለስ» እለዋለሁ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ተቀየመኝ። «ቱማ ጉምሩክ ከፈተች፤ ስኳሩ ያልፋል፣ ሰላምታው ይፈተሻል» አሉ። ይበሉ። ሲተልበናትም የመጀመሪያ ሰሞን እንግዳ በገባ ቁጥር ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር። ቀስ በቀስ ለመደችው። ሕመሙም እየቀለላት ሄደ። ከተማ ወስደናት ሁለተኛ ራጅ ስትነሳ ሙዓዝ «ጫፉ ትንሽ ያዘነበለ ይመስለኛል፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። እንጠብቅ» አለን።

በዚህ መሃል ወንድሟ ዑስማን ኦምዱርማን ላይ ሞተ። ከእህት ወንድም የቀሩት እሱና እሷ ነበሩ። እዚያው ተቀበረ፤ የኛ አገር ለቅሶ ግን በእሷ ቤት ሆነ።

የኛን ለቅሶ ታውቃላችሁ። የመጣው ሁሉ ቆሞ ሁለት እጁን ዘርግቶ ፋቲሓ፣ የቁርኣንን መክፈቻ፣ ለሟቹ በቃሉ ይቀራል፤ ሐዘንተኛዋም ተነስታ ፊት ለፊቱ እጇን ትዘረጋለች። ከዚያ ነው ተቃቅፎ ማልቀሱ። ሲተልበናት ተጋድማ እጇን ዘረጋች። እኔ ከራስጌዋ ሆኜ ለገባው ሁሉ «ሐኪም ከልክሏት ነው» እላለሁ። አንዲት ሴት ድምፅዋን እንኳ ሳትቀንስ «የእናቷን ልጅ ለቅሶ ተኝታ!» አለች። ሲተልበናት ወደ ግድግዳው ዞራ «ዑስማንን አዋረድኩት» እያለች አለቀሰች። ግን አልተነሳችም።

ለቅሶው ሊበተን ሲል ወንዙ መሃል ካለው ደሴት ሐጃ ሹል መጣች። ሹል የአባታቸው እህት ናት፤ ዘጠናን ያለፈች ሴት። ሲተልበናትንና ዑስማንን እናታቸው ስትሞት ያሳደገቻቸው እሷ ናት። በጀልባ ተሻግራ፣ በአህያ ጋሪ መጥታ፣ በሁለት ልጃገረዶች ተደግፋ ገባች። ማንንም ሳታናግር አልጋው ፊት ቆመች። ልጃገረዶቹን በክንዷ ገፋ አደረገችና ሁለት እጇን ዘረጋች።

ሲተልበናት የተዘረጉትን እጆች አየቻቸው።

«ያዢኝ ቱማ» አለች።

«አይሆንም።»

«ካልያዝሽኝ ብቻዬን እነሳለሁ።»

አውቃታለሁ፤ ትነሳለች። ስለዚህ ያዝኳት። ዛሬም ቢሆን እይዛታለሁ። በሁለት እግሯ ቆማ ፋቲሓውን እስከ መጨረሻው ከአክስቷ ጋር ቀራች። ከዚያ ተቃቀፉ፤ የሹል ክብደት ሁሉ ላይዋ ላይ አረፈ። ሲያለቅሱ ቤቱ በሙሉ አለቀሰ።

ያኔ ምንም አልሆነችም። ሰንበት ብሎ አንድ ጠዋት በትንሿ በር ሳልፍ ግን ሲተልበናት ብሽሽቷን በመዳፏ ተጭና፣ ግንባሯ በላብ ርሶ አገኘኋት። ስታየኝ እጇን አነሳች።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ነፋስ ነው።»

«ነፋስ ብሽሽት ውስጥ ምን ይሠራል?»

«አንቺ ደግሞ! ሌሊት የበላሁት ባቄላ ነው።»

ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። ቀኝ እግሯ ከግራው አጥሯል። ጣቶቹ እንደገና ወደ ውጭ ዞረዋል።

«ሲተልበናት፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

በሹክሹክታ ነገረችኝ። አክስቷ ከሄደች ወዲህ ነው። እያደር ብሷል።

«ለምን አልተናገርሽም? ልጁ በዚያው ቀን ጥሩኝ አላለም?»

«ብናገር ምን ይላሉ? ‹ሹል መጥታ ሰበረቻት› ይላሉ። ባቢክር ራሱ ይለዋል። አንቺም በሆድሽ ትዪዋለሽ። ያሳደገችኝ ሴት በዚህ ዕድሜዋ ይህን ስም ይዛ ትሙት? እግሬ ይቅር።»

«እግር ብቻ አይደለም እኮ የሚቀረው! መቀመጥ ታጪያለሽ ብሎሻል። እንደ ጆንያ ተጋድመሽ ልጦርሽ ነው?»

«ትጦሪኛለሽ። ማን አለሽ ሌላ?»

ከእሷ ጋር ክርክር አይሠራም። ወጥቼ ሙዓዝ ጋ ደወልኩ። በራሱ መኪና መጥቶ ከተማ ወሰዳት፤ ራጅ ተነሳች። ኮሪደር ላይ ጠራኝ።

«ብሎኑ የአጥንቱን ጣራ በስቷል። ጎድጓዳውን ገና አልነካም። ነገ ከነገ ወዲያ ከከፈትኩ እተካዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን እተካዋለሁ አልልም።»

«ይከፈት እንግዲህ!»

«እምቢ አሉ። ‹አልፈርምም› ነው የሚሉት።»

ገብቼ ለመንኳት፣ ሰደብኳት፣ አለቀስኩባት። በመጨረሻ «ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሐኪሙ ለአክስቴ ይንገራት። እሷ ‹የኔ አይደለም› ብላ ካመነች እፈርማለሁ። አለዚያ ከኔ ሕመም ይልቅ የሷ ይበልጥብኛል» አለች።

ሙዓዝ ራጆቹን ሁሉ በፖስታ ይዞ፣ እኔ ነጠላዬን ጠምጥሜ፣ በጀልባ ወደ ደሴቱ ተሻገርን። ሹል የቴምር ጥላ ሥር ተቀምጣለች። አንድ ዓይኗ ጠፍቷል፤ በሌላው ከሁላችንም ይበልጥ ታያለች። ሙዓዝ የመጣበትን ነገር ሳይሸፋፍን ነገራት። ሰማችውና እጇን ዘረጋች። «እስቲ አምጣው።»

ራጁን ወደ ፀሐይ አነሳችው።

«ይሄ ነው ሚስማሩ?»

«ብሎን ነው፣ እናቴ።»

«ለፍየል ማጎሪያ እንኳ አይበቃም።»

«ይሄኛው እርስዎ ለለቅሶ ከመምጣትዎ በፊት የተነሳ ነው» አላት። «ጫፉን ያዩታል? ያኔም ማዘንበል ጀምሮ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ሊወጣ ይችላል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሐጃ ቱማም ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

ሹል ራጁን አወረደችው። «እኔ ባልመጣ ኖሮስ?»

ሙዓዝን በዓይኔ ጠቀስኩት፤ «በል ዋሽ፣ አንድ ቃል ነው» ማለቴ ነው። አየኝ፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«አላውቅም። ሊይዝ ይችል ነበር። እርስዎ ሳይመጡም ሐጃ ሲተልበናት ጋን ጋ ሊሄዱ ሲሉ ሊወጣ ይችል ነበር። ከአስር ሰው የስንቱ እንደሚወጣ እገምታለሁ እንጂ የማን፣ በየትኛው ቀን፣ በማን ምክንያት እንደሚወጣ መናገር አልችልም። እችላለሁ የሚል ሐኪም ካለ አይመኑት።»

ሹል ራጁን ለሙዓዝ መለሰችለት። እኔ በልቤ ነገሩ ተበላሸ አልኩ።

«ደግ» አለች። «ዋሽተኸኝ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ደሴት በዋና ነበር የምትመለሰው።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ጥፋቱ የኔ ይሁን የሚስማሩ፣ እሷ ምን አገባት? እኔ በትከሻዬ ልሸከመው የምችለውን እሷ በእግሯ ትከፍላለች? አንስቱኝ። ጀልባው ሳይሄድ።»

«አሁን?» አለ ሙዓዝ።

«በቀብሬ ጊዜ ልሂድ?»

ሆስፒታሉ ክፍል በር ላይ ስንደርስ ሲተልበናት የአክስቷን ድምፅ ሰምታ ክርኗን አልጋው ላይ ስትተክል አየናት። ሹል ከበሩ ሆና ጮኸች። «ትነሺና እመለሳለሁ! በነቢዩ፣ አንድ ጣትሽ መሬት ይንካና ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለሽም!»

ሲተልበናት ባለችበት ቀረች። ሹልም «ወደ ጎን በሉላት» አለችንና አልጋው ላይ፣ ከጎኗ ተጋደመች። በዚያ ዕድሜዋ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ተኝታ ነው ሰላም ያለቻት። ነርሷ ገብታ «በሽተኛዋ የትኛዋ ናት?» አለች።

«ሁለታችንም» አለቻት ሹል። «የዚህችን ግን ቶሎ ቅደዱ፤ የኔ መድኃኒት የለውም።»

ምን እንደተነጋገሩ አልሰማሁም፤ ጆሮ ለጆሮ ነበር። ወደ መጨረሻው ብቻ ሹል ከፍ አድርጋ «እኔ መጥቼ ቢሆንም ባይሆንም የዑስማንን ፋቲሓ አብረን ቀርተናል። እሱን አልጸጸትበትም፤ አንቺም አትጸጸቺበት። አሁን ፈርሚ» ስትል ሰማኋት። ሲተልበናት ባቢክርን እስክሪብቶ ጠየቀችው።

ሙዓዝ በማግስቱ ከፈታት። ብሎኑን አወጣ፣ ክቡን አነሳ፣ የብረት ክብ ተካ። ጎድጓዳው ደህና ነበር። ልቧ አንዴ አስደንግጦን ነበር፤ አላህ መለሰልን። ይሄኛው ይቆምበታልና ሳይውሉ ሳያድሩ አቆሟት። ዛሬ በከዘራ ትሄዳለች፤ አንደኛው እግሯ ትንሽ አጠር ስላለ ጫማ ሰሪው አንድ ጫማዋን ከፍ አድርጎላታል። ብርድ ሲመጣ ታነክሳለች። ውሃ የምትቀዳው ግን ራሷ ናት፤ ባቢክር ከጋኖቹ ሥር አሸዋ አልብሶላታል።

ሹልን በተመለከተ ማንም ከጀርባዋ አላማትም። ዕድል አልሰጠቻቸውም። በየሠርጉ፣ በየለቅሶው፣ ሰው ሳይጠይቃት «የሲተልበናትን ሚስማር ያወጣሁት እኔ ነኝ» እያለች ትስቅ ነበር፤ እስክትሞት ድረስ። ሰው ምን ይበል? ሐሜቱን ራሷ ነጥቃ ወስዳዋለች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ እናንተም ነገ በሽተኛ ትጠይቃላችሁ፣ ለቅሶ ትደርሳላችሁ። ዳሌዋ ተሰብሮ የታሠረላት እናት ያለችበት ቤት ስትገቡ፣ እጃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት ከበሩ ሆናችሁ «አትነሺ» በሏት። ቁጭ በሉላት፣ ካስፈለገም ተጋደሙላት፤ ማንም አይስቅባችሁም። እሷም ከቆየ በኋላ ብሽሽቷን ይዛ «ምንም አይደለም» ካለቻችሁ፣ እሺ ብላችሁ አትሂዱ፤ ቁጣዋን ቻሉና ያን ቀን ለሐኪሟ ንገሩላት። ይቺን አትርሱብኝ።